ከኮፈኑ ሥር የቀረው አረንጓዴ

ትናንት የማስተምርበት ክፍል በር ሰማያዊ ሲቀባ የቀለሙ ሽታ ወደ ስምንት ዓመቴ፣ ወደ ደብረ ብርሃን መኪና ማቆሚያ መለሰኝ።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መኪና ሌላ ቀለም ቢቀባ እንኳ የፋብሪካው ቀለም ከኮፈኑ ሥርና ከበሩ ላስቲክ ጀርባ እንደሚቀር ያስተማረኝ እሱ ነው። በዚያ ሰሞን “መኪናውን ይዞ አሰብ ሄዷል” ተብለን ከእናቴ ጋር ከወር በላይ ስንጠብቀው ነበር።

ከገበያ ስንመለስ አንድ የማናውቀው ሹፌር የሰማያዊ መኪናውን ኮፈን ከፍቶ ውሃ ይጨምራል። ጠጋ ብዬ አየሁ።

“እማዬ፣ የአባባ መኪና!”

“የእሱማ አረንጓዴ ነው። አታዪም እንዴ?”

“የተቀባው ውጪው ነው። ከኮፈኑ ሥር አረንጓዴ ነው፣ እዪው! ሌላው ዕቃ ሁሉ የፋብሪካው ነው። ይሄ ቢጫ የራዲያተር ክዳን ግን አባባ ከሌላ መኪና አምጥቶ የገጠመው ነው።”

እናቴ ሹፌሩን “እሱስ የት አለ?” አለችው። ሰውየው አንገቱን ደፋ። ዘንቢሏን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች።

አጎቴ ከሻይ ቤት እየሮጠ መጣ። “ምነው ልጄ! ነገ ጎህ ሲቀድ ልናረዳት ተቃጥረን ነበር እኮ።”

መኪናው የአሰብ መንገድ ቁልቁለት ላይ መገልበጡን፣ ተጠግኖም መቀባቱን የሰማሁት በኋላ ነው። ያኔ አጎቴ ያላመነኝ መስሎኝ፣ “እውነቴን ነው ጋሼ፣ ከላስቲኩ ጀርባም ላሳይህ” አልኩት።

ዛሬ አንዲት አዲስ ተማሪ የክፍላችን በር ድሮ ምን ቀለም እንደነበረ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ቡናማ ነበር።