መብረቅ ብቻውን ያወጣው አልበም

ጊታር ተጫዋቹን ሰው ሁሉ የሚያውቀው «መብረቅ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ስሙ የወጣለት ጸጉሩ ትከሻው ላይ ይዘናፈል በነበረበት፣ ሱሪው እላዩ ላይ የተሰፋ በሚመስልበት ዘመን ነበር። አሁን ጸጉሩ ከፊት ሸሽቶ ማጅራቱ ላይ ብቻ ቀርቷል፤ ደረጃ ሲወጣም ጉልበቱ ይንቋቋል። ስሙን ግን እንደ ሹመት ይዞት ይዞራል፤ እናቱ ባወጣችለት ስም የጠራው ሰው ቶሎ መልስ አያገኝም።

የሮክ ባንዱ ብዙ ዘፈን ሠርቷል፤ ሰው የሚያውቀው ግን አንዱን ነው። አውቶቡስ ስላመለጣት ልጅ የሚያወራ ለስላሳ ዘፈን ነው። ሠርግ ላይ ይጫወቱታል፣ ሆቴል ውስጥ ሰው እራቱን ሲያኝክ ይጫወቱታል፣ የባንክ ቅርንጫፍ ሲመረቅ ሳይቀር ሪባኑ እስኪቆረጥ ተጫውተውታል። መብረቅ ይህን ዘፈን ሲጫወት የሚሠራው እጁ ብቻ ነው፤ ልቡ ቤት ውስጥ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ጋ ነው።

አንድ ቀን ጥርሱን አሞት ክሊኒክ ተራ ሲጠብቅ ያ ዘፈን ከኮርኒሱ መጣ። ግጥሙ የለም፣ ጊታሩም የለም፤ በፒያኖ ብቻ፣ ሕመምተኛ እንዳይደነግጥ ተብሎ የተሠራ ነው። አጠገቡ ጉንጯን ደግፋ የተቀመጠች ሴት አፏን ከፍታ አዛጋች። መብረቅ ቆሽቱ አረረ። ተራው ሳይደርስ ብድግ ብሎ ወጣና ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ፣

«የራሴን አልበም ልሠራ ነው» አላት።

ሚስቱ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የተነገራትን ነገር ደግማ ሳታረጋግጥ አታልፍም።

«የራስህን?»

«የራሴን! ከባንዱ ማንም የማይገባበት። ያልታሸ፣ ያልተኳለ፣ ጥሬ ድምፅ!»

«ጥርስህስ?»

«ተይኝ ባክሽ፣ አሁን የጥርስ ወሬ ነው?»

መኪናዋን ከጋራዡ አውጥቶ ለፀሐይ ሰጣትና ቦታዋን የብረት በርሜል፣ የግድግዳ መሰርሰሪያ፣ አንድ እግሩ የተሰበረ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና እስከ ጥግ የተከፈተ የጊታር ማጉያ ያዙት። ከሁሉ በላይ ግን ራሱ ዘፈነ። በባንዱ ዕድሜ ልክ ድምፃዊው ማይክ አስነክቶት አያውቅም፤ እናም ለዓመታት ጉሮሮው ላይ የከረመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተዘረገፈ። ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ በሩን አንኳኩተው ገቡና በርሜሉንና መሰርሰሪያውን በየተራ አዩ።

«ልጄ፣ የቧንቧ ሥራ ከሆነ እኮ የማውቀው ጎበዝ ባለሙያ አለ» አሉት በሐዘኔታ።

መብረቅ እንደ ሙገሳ ቆጠረው። ታላቅ ሥራ መጀመሪያ ላይ ለሰው አይገባም፤ ይህን ከየት እንደሰማው ባያስታውስም ያምንበታል።

አልበሙ አለቀ፤ ስሙም «ዝገት» ተባለ። በመጀመሪያ የሰማችው ሚስቱ ናት። ሳሎን አስቀምጧት ፊት ለፊቷ ቆሞ ፊቷን ይጠብቅ ጀመር። እሷ ጉልበቷ ላይ ያለውን ፎጣ አራት ጊዜ አጠፈችና ዘረጋች።

«አለቀ?» አለች ዘፈኑ ሲቆም።

«እሱ እኮ የመጀመሪያው ነው።»

«አይ… ጥሩ ነው። ራስ ምታት የሚያስታግስ ኪኒን ግን እዚህ ሳሎን ውስጥ ነበር ወይስ መኝታ ቤት?»

ቀጥሎ ድምፃዊው ነው። ጸጉሩን በየወሩ ጥቁር የሚቀባው ይህ የልጅነት ጓደኛው አልበሙ ደርሶት ብዙ ቀን ድምፁን አጠፋ። በመጨረሻ ራሱ መብረቅ ደወለለት።

«ሰማኸው?»

«ሰማሁት፣ ሰማሁት። ምን ልበልህ… ደፋር ነህ።»

መብረቅ ስልኩን ዘጋ። በሙያቸው «ደፋር ነህ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል፤ ራሱም ለስንቱ ብሏል።

ኢንተርኔት ላይ የወጣ ጊዜ ደግሞ ጉድ ፈላ። አንዱ፣ «የስልኬ ድምፅ ማጉያ የተቃጠለ መስሎኝ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ጠጋኙ አዳመጠና ‹ይሄ አይድንም፣ ሌላ ግዛ› አለኝ» ብሎ ጻፈ። ሌላዋ፣ «ልጄ አልተኛ ሲል ይህን እከፍትብሃለሁ ስለው ሮጦ አልጋው ውስጥ ይገባል፤ ምስጋናዬ የላቀ ነው» አለች። አልበሙ የተመረቀ ዕለት ደግሞ አንዲት የዱሮ አድናቂ አጨብጭባ፣ አጨብጭባ ስታበቃ እጇን አወጣች፤

«በጣም ደስ ይላል! አሁን ያቺን የአውቶቡሷን ትጫወትልናለህ?»

አጽናኝ የተገኘው ሬዲዮ ላይ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚያወራ የሙዚቃ ሐያሲ ስቱዲዮ ጋበዘውና «ዝገት»ን ሰማይ አደረሰው። የዘመናችን ስብራት አለው፣ የብረትን ነፍስ ገልጧል፣ ዝምታን ገድሎ ቀብሯል። መብረቅ ልቡ አበጠ፤ ወንበሩ ጠበበው።

«በተለይ» አለ ሐያሲው ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ሦስተኛው ዘፈን ላይ የምታለቅሰው ሴት! እንዴት አንጀት ትበላለች! ማን ናት?»

መብረቅ ወደ ማይኩ ጠጋ አለ።

«ሴት የለችም። እኔ ነኝ።»

ሐያሲው ዓይኑን ገለጠና ቶሎ ብሎ ወደ ማስታወቂያ ተሻገረ። ማስታወቂያው ሲያልቅ ስለ አየር ሁኔታ ማውራት ጀመሩ።

ከዚያ ወዲያ መብረቅ ፊቱን ቋጥሮ ከረመ። ሰው አይገባውም፣ ጆሮ የለም፣ ትውልዱ በስኳር አድጓል ይላል። በዚህ መሀል ነው የሚስቱ ታናሽ ወንድም የደወለው። ሰውዬው የእህል መጋዘን ኃላፊ ነው፤ ሙዚቃና እሱ አይተዋወቁም።

«ጋሼ፣ ያ አልበምህ እኮ ከጉድ አወጣኝ! ብድሩን በምን እከፍልሃለሁ?»

«ወደድከው?» አለ መብረቅ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ይዞ።

«ርግቦቹ ናቸው እንጂ! ጣሪያውን ሞልተው ስንዴውን በኩስ ጨርሰውት ነበር። መረብ ብል፣ ማስፈራሪያ ብል ወይ ፍንክች! ያንተን ስከፍትባቸው አንድ ሳይቀሩ ግልብጥ ብለው ወጡልህ።»

መብረቅ ደሙ ፈላ። ዕድሜ ልኩን የያዘውን ጩኸት ለወፍ ማባረሪያ! ጃኬቱን አጥልቆ፣ ለሚስቱም ምንም ሳይል፣ አልበሙን ሊያስዘጋ ወደ መጋዘኑ ገሰገሰ። እንደ ደረሰም አፉን ሊከፍት ሲል የሚስቱ ወንድም በደስታ እጁን ጎትቶ አስገባው። መጋዘኑ ትልቅ ነው፤ ከረጢቱ እንደ ግንብ ተደርድሯል፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። በአራቱም ማዕዘን ከሠርግ ዕቃ አከራይ የመጡ፣ ሰው የሚያክሉ ድምፅ ማጉያዎች ቆመዋል።

«ቆይ ላሳይህ» አለና ከፈተው።

ቆርቆሮው ጮኸ። በርሜሉ ግድግዳውን መታ፤ መሰርሰሪያው ከከረጢቱ ጀርባ ዞሮ መጣ፤ የገዛ ጩኸቱም ከጣሪያ ወርዶ ደረቱን ገፋው። በመስኮቱ የገቡ ጥቂት ርግቦች ላባቸውን እያራገፉ ወጡ። ጋራዥ ውስጥ ሆኖ በሐሳቡ የሰማው ድምፅ ይህ ነበር። በማንም ሳሎን፣ በማንም ስልክ ይህን ሰምቶት አያውቅም። የመጣበትን ረሳው።

«ሦስተኛውን ክፈትልኝ» አለ።

«ሦስተኛው ለርግብ አይሆንም፣ ጋሼ። ለስለስ ይላል፤ ማልቀስ ይበዛዋል። አራተኛው ነው ነፍስ! ስድስተኛውም ጥሩ ነበር፣ መጨረሻው ተንዛዛ እንጂ።»

መብረቅ ዞር ብሎ አየው። አራተኛውን ከሦስተኛው ለይቶ ያወቀ፣ ስድስተኛው ድረስም የዘለቀ ሰው እስከዚያች ሰዓት አላጋጠመውም ነበር።

«ሁሉንም ሰምተኸዋል?»

«ከጧት እስከ ማታ! ሥራዬ አይደል?»

ሁለቱ ከረጢት ላይ ተቀምጠው አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ሲያልቅ የመጋዘኑ ኃላፊ ትንሽ አመነታ።

«ጋሼ፣ ካልተቀየምከኝ አንድ ነገር ልበል? በሚቀጥለው አልበም መሀል መሀሉን ዝም የምትለውን ነገር ተውልኝ። ያኔ ነው ርግቦቹ የሚመለሱት።»

መብረቅ ከድምፃዊውም፣ ከሚስቱም፣ ከሐያሲም አስተያየት ተቀብሎ የማያውቅ ሰው ነው። አገጩን እያሻሸ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና፣

«ልክ ነህ» አለ፤ «እኔም ሳስበው በዝቷል።»