በሁዳዴ የተዋጠ ኪኒን

መጀመሪያ የጀመረኝ ማሳከክ ነው። ከጆሮዬ በላይ፣ ጥፍር የምታክል ቦታ። ሹሩባዬን ስፈታ ቢጫ ቅርፊት ጣቴ ላይ ቀረ፤ ፀጉርም አብሮት መጣ። በዚያው ሰሞን ማክሰኝት ላለ ሰው ታጭቼ ነበር። እናቴ ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። አፌን ዘጋሁ፤ እጄን ግን ማን ያስቁመው! በቅዳሴ መሐል እንኳ ራሴን አክክ ነበር።

ሲብስብኝ ጎንደር ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ሐኪሙ «ቆረቆር ነው፤ እኛ ፋቩስ እንለዋለን» አለ። «ጠባሳ የሆነ ቦታ ፀጉር አይመለስም። መፍጠን አለብን።» ግሪሲዮፉልቪን የሚባል ኪኒን ሰጠኝ።

ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ጠበል ጾም አያስገድፍም ብለን ኪኒኑን ጠዋት በባዶ ሆዴ በጠበል እውጣለሁ፤ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል አልቀምስም። እናቴ ደግሞ እንድድን ተስላ ዘይቱን ጭምር ከሽሮው አስቀረችው።

ቅርፊቱ ሰፋ። ፀጉሬ ረገፈ። እንቅልፍ አጣሁ። ቁጭ ስል እነሣለሁ፤ ስነሣ መሄጃ የለኝም። ፈራሁ።

ተመለስን። ሐኪሙ አወሳሰዴን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። አንዱን ኪኒን ፈጭቶ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አማሰለው። ዱቄቱ ታች ተኛ።

«ይኸን መድኃኒት ውሃ አያሟሟውም፤ ስብ ነው የሚያሟሟው» አለ። «ከኪኒኑ ጋር የሚደባለቅ አሟሚ መድኃኒት ሠሪዎቹ እየሞከሩ ነው አሉ፤ እኛ ዘንድ አልደረሰም። እስከዚያ አሟሚውን ከምግብሽ ያግኝ። ቅቤ ወይም ወተት።»

እናቴ ደረቷን ደቃች። «ምነው ጌታዬ! በሁዳዴ? የቄስ ልጅ?»

አባቴ ብርጭቆውን እያየ «የኑግ ዘይትስ?» አለ።

«ዘይትም ስብ ነው። በርከት ይበል፤ ኪኒኑም ከምግቡ ጋር ይዋጥ።»

ከዚያ ወዲያ እናቴ ስለቷን በሌላ ለውጣ ዘይቱን ሽሮው ላይ እስኪንሳፈፍ ታፈሰው ጀመር፤ እኔም ከቅዳሴ መልስ እየበላሁ ኪኒኔን አስከትላለሁ፤ ፋሲካ ሲሆንማ ተራው የቅቤ ሆነ። ትዕግሥት አልተሰጠኝምና ራሴን በየሰዓቱ ስዳብስ «የተዘራ ማሳ ማን ይቆፍራል?» እያለች እናቴ ትቆጣኝ ነበር። ክረምቱ ሲቃረብ አንድ ጠዋት ጣቴ ሥር እንደ ገለባ የሚሻክር ነገር አገኘሁና ጮህኩ። ጠባሳው ላይ የነበረው ፀጉር አልተመለሰም፤ የቀረው ግን በቀለ። በሠርጌ ሰሞን ሹሩባ ሠሪዋ «ፀጉሯ ሸጋ ነው» ስትል እናቴ ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

ሐኪሙን እግዜር ይስጥልኝ። አባቴንም፤ ጾሜንም ፀጉሬንም ያተረፈልኝ ያ ጥያቄው ነው። እናንተም ኪኒን ሲሰጣችሁ ከምን ጋር እንደሚዋጥ ጠይቁ፤ እየጾማችሁ ከሆነ ሐኪሙ ባይጠይቅም ተናገሩ። ካልሠራላችሁም ሳትጥሉት ተመለሱ። እኔ ወደ ሐኪሙ ከመመለሳችን በፊት የቀረውን ኪኒን ምድጃ ልጨምረው በእጄ ይዤው ነበር።