ሽማግሌዎቹ የመረጡት የቪየና ሆቴል

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ የቡናው ለቀማ አልቆ ሰዉ እፎይ ባለበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ቪየና የሚለውን ስም በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

እኔ ዲላ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። አባቴ ገደብ ወረዳ፣ ወርቃ ውስጥ የቡና ገበሬ ነው። እናቴ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቶ ነበር። ከቀብሯ በኋላ አባቴ ከግቢው መውጣት ተወ። የራሱን መኝታ ክፍል ዘግቶ የወንድሜ ልጆች የሚያድሩበት ክፍል ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ መተኛት ጀመረ። ከሁሉ የከፋው ግን ዝምታው ነው። ድሮ ገበያ መሃል ቆሞ ሲያወራ አህያ እንኳ ጭነቱን ረስቶ የሚያዳምጠው ሰው ነበር።

በዚህ መሃል ቡናውን የሚገዛው ኦስትሪያዊ ነጋዴ ቪየና ለሚደረግ የቡና ኤግዚቢሽን ጋበዘው። ወጪውን እሱ ቻለ፣ ቪዛውም ተሳካ። ሰውዬው ጨዋ ነውና የሁለት ትልልቅ ሆቴሎች ስም ልኮ «አባትሽ የሚስማማቸውን ይምረጡ፣ እስከ ሰኞ አሳውቂኝ» ሲል ጻፈልኝ። ለእኔ የሆቴሉ ነገር ደንታዬም አልነበረም። አባቴ ከዚያ ቤት ወጥቶ ሌላ ሰው፣ ሌላ አገር እንዲያይልኝ ብቻ ነበር የፈለግኩት። አለዚያ እሱንም ከእናቴ አጠገብ የምንቀብረው እየመሰለኝ ሌሊት እባንን ነበር።

አባቴ ግን «ሶንጎው ከፈቀደ እሄዳለሁ» አለ። ሶንጎ በእኛ በጌዴኦዎች ዘንድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር የሚጨርሱበት ሸንጎ ነው። የመሬት ጠብ፣ የጋብቻ ጣጣ፣ የተጣላ ወንድማማች እዚያ ይቀርባል። የአምስት ኮከብ ሆቴል ግን ቀርቦ አያውቅም። ተንኮሉ ወዲያው ነው የገባኝ። «ይቅርብህ» ይሉኛል ብሎ ነው።

ቅዳሜ ከዲላ በሚኒባስ ሄድኩ። ሴት ብዙውን ጊዜ ሶንጎ መሃል አትገባም፤ እኔ ግን ሁለት ሆቴል በስልኬ ይዤ ስለመጣሁ እንደ ባለጉዳይ ተቆጠርኩ። ሽማግሌዎቹ ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ጋሽ ወራሳ ናቸው፤ የአባቴ የልብ ወዳጅ፣ ነገር እንደ ቆጮ ቀብረው አብላልተው የሚያወጡ ሰው። መጀመሪያ ተጸለየ። ጸሎቱ ረጅም ነበር፤ እግዚአብሔር እስከ ዛሬ ስለ ሆቴል የዚያን ያህል ተለምኖ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከዚያ የመጀመሪያውን ሆቴል ፎቶ እያሳየሁ ማስረዳት ጀመርኩ። አዲስ ነው፣ ሙሉ በሙሉ መስታወት ነው፣ ጣሪያው ላይ የመዋኛ ገንዳ አለው።

«ጣሪያ ላይ ውሃ?» አሉ ጋሽ ወራሳ። «እኛ ውሃ ከጣሪያ እንዲወርድልን ቆርቆሮ እንገዛለን፣ እነሱ ሽቅብ ይሰቅላሉ?»

እንግዳው የሚፈልገውን የትራስ ዓይነት ከዝርዝር መርጦ ማዘዝ እንደሚችል ስነግራቸው ደግሞ ተያዩ። «ያ ሁሉ ትራስ ለአንድ ራስ ነው?» አለ አንዱ።

ሁለተኛው የድሮ መስፍን መኖሪያ የነበረ ቤት ነው። ወርቅ የተቀባው ኮርኒሱ ላይ ክንፍ ያላቸው ራቁት ሕፃናት ተሥለዋል። ስልኬ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «ይህን ሁሉ ወርቅ የቀባ ሰው ለልጆቹ ጨርቅ አጣ?» ተባለ። በር ላይ ረጅም ኮፍያ ያደረገ ሰው ቆሟል፤ እሱን «ዘበኛው ደህና ሰው ይመስላል» ብለው አሳለፉት።

እኔ ስለ ቁርስና ስለ ምንጣፍ ስዘበዝብ ጋሽ ወራሳ እጃቸውን አነሡ። «አንቺ ልጅ፣ ዕቃውን ተይውና ሰዉን ንገሪን። ጎረቤቱ ማነው? አብሮት የሚበላው ማነው? ቢያመው ማን ያውቃል?»

«ክፍሉ ውስጥ የሚጫኑት ደወል አለ» አልኩ።

«ደወሉን የሚሰማው ማነው?»

አባቴ አንገቱን ደፍቶ ቢቀመጥም ፊቱ ላይ የድል ነገር አየሁ። ተናደድኩ። «እንግዲያው እንደውልና ራሳችሁ ጠይቁ!» አልኳቸው። ኔትወርክ በዚያ ዕለት በተአምር ነበረ። የሁለቱም ሆቴሎች ቁጥር በዋትስአፕ ይሠራል። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን መሃል አስቀመጥኩት።

የመስታወቱ ሆቴል ዘንድ በመጀመሪያ ማሽን አነጋገረን፣ ቀጥሎ ሙዚቃ ለቀቀብን። በመጨረሻ ድምፅዋ ማር የሆነ ልጅ አነሣች። የጠየቅኋትን ሁሉ «በደስታ!» አለችኝ። የሚያጫውተው ሰው ያገኛል? በደስታ። ቢያመው የሚያውቅለት አለ? በደስታ። አመስግኜ ዘጋሁት።

«ሁሉን እሺ የሚል ሰው አንዱንም አያደርግም» አሉ ጋሽ ወራሳ፤ የመስታወቱ ሆቴል በዚህ ወደቀ።

ወደ መስፍኑ ቤት ስንደውል አንድ ጎልማሳ ድምፅ ወዲያው አነሣ። ስሙ ሉካስ እንደሆነ፣ እንግዳ ተቀባይ እንደሆነ ነገረን። ስሙን ስተረጉምላቸው አንዱ ሽማግሌ ወንጌሉን አስታውሶ «ሉቃስ እኮ ሐኪም ነበር» አለ፤ የሕመሙ ጥያቄ በግማሽ የተፈታ መሰላቸው።

ጋሽ ወራሳ ያቀረቡትን ጥያቄ አንድ በአንድ ተረጎምኩ። ሰውዬው አልቸኮለም። ማን አብሮት እንደሚበላ ስጠይቀው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«እውነቱን ልንገርሽ። እዚህ ሰው የሚበላው ከስልኩ ጋር ነው። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ አባትሽ ቢጣሩ ማንም አይሰማቸውም። የራሴ አባት አንድ ጊዜ ሥራዬን ሊያይ መጥቶ በሩ አጠገብ ጥቂት ተቀመጠና ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ብሆን አባቴን እዚህ አላሳድርም።»

ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው ትርጉሙን ይጠብቃሉ። ይህን ከተረጎምኩ ጉዞው ቀረ ማለት ነው። አባቴ ወደዚያ ፍራሽ ይመለሳል፣ በሩን ይዘጋል፣ አለቀ። «በጣም ጥሩ ቤት ነው ይላል» ማለት ይበቃኝ ነበር፤ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ የለም። ግን ሶንጎ ላይ አይዋሽም። እኔ በዲላ ኑሮዬ ብዙ የአገር ወግ ንቄ ትቻለሁ፣ ያንን ግን አልቻልኩም። ዛፉም ሰዎቹም የሚያውቁብኝ መሰለኝ። ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩት።

አባቴ ሊነሣ ጋቢውን ሰበሰበ።

«ተቀመጥ» አሉት ጋሽ ወራሳ። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው ቆዩና «ይህ ሰው የጌታውን እንጀራ እየበላ የጌታውን ቤት አላሞገሰም። ከቤቱ እውነትን አስበለጠ። ወንድማችንን ለቤት አይደለም የምንሰጠው፣ ለሰው ነው። እዚያ ይሂድ» አሉ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጋሽ ወራሳ፣ ሰውዬው እኮ አትምጡ ነው የሚለው!» አልኩ፤ የምፈልገው ውሳኔ እጄ ገብቶ መከራከሬ አሁንም ያስቀኛል።

«ሰማን። ስለዚህ ነው የምንልከው። በይ አደራ በይው።»

እንግዲህ አደራ እንግሊዝኛ የለውም። ሳላቅማማ የምተረጉመው መስሏቸው ጠበቁኝ። ቃል ስፈልግ ጋሽ ወራሳ ራሳቸው ስልኩን አንሥተው በጌዴኦኛ ነገሩት፦ ሚስቱ ሞታበታለች፣ ብቻውን ማደር ትቷል፣ በአንተ እጅ ሰጥተነዋል፣ እግዚአብሔር ያያል። እኔ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አደረስኩ፤ ተማሪዎቼ ቢሰሙኝ ያፍሩብኝ ነበር።

ሉካስ ግራ ገባው። «እኔ እኮ እንግዳ ተቀባይ ብቻ ነኝ» አለ።

«እኛስ የፈለግነው ሌላ ምን ነው?» አሉ ጋሽ ወራሳ።

ሰውዬው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ «እሺ፣ ይምጡ» አለ። አባቴ ተሸነፈ። ሶንጎ የቆረጠውን እንቢ ማለት የለም፤ በራሱ ወጥመድ ገባ።

አባቴ በሚቀጥለው ሳምንት ሄደ። ነጋዴው ከአውሮፕላን ተቀብሎ ሆቴሉ ድረስ እንዳደረሰው ጻፈልኝ። ከዚያ በኋላ ወሬ ጠፋ። አባቴ ስልኩን አያነሣም። በማግስቱ ጠዋት ደወልኩ፣ አያነሣም። እያስተማርኩ ልቤ እዚያ ነው። ያ ወፍራም ግድግዳ፣ ያ የማይሰማ ደወል ፊቴ ላይ ድቅን አለ። በግድ ወደ ሞት የላክሁት መሰለኝ። ጋሽ ወራሳንም ዛፋቸውንም በልቤ ረገምኩ።

በምሳ ሰዓት ከመምህራን ማረፊያ ውጭ ቆሜ ሳለሁ ከሉካስ ስልክ የቪዲዮ ጥሪ መጣ። ስከፍተው አባቴ ነው። ወርቅ የለም፣ ሕፃናቱም የሉም። ሠራተኞች የሚበሉበት ምድር ቤት፣ ተራ ጠረጴዛ አጠገብ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል። ዓይኑ ቀልቷል።

«አባዬ! ምን ሆንክ? ስልክህስ?»

«ባትሪው አልቆ ዘግቷል። ምንም አልሆንኩም፣ ለቅሶ ደርሰውኝ ነው።»

«ማን ነው ለቅሶ የደረሰህ?»

«የሆቴሉ ሰዎች።»

ነገሩን እንዲህ አጫወተኝ። ሉካስ ማታ ሥራውን ሲጨርስ ክፍሉ ድረስ ሄዶ አንኳኳ። የጋራ ቋንቋ የላቸውም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጥቂት አጠገቡ ተቀምጦለት ሄደ። ጠዋት ደግሞ መጥቶ ይዞት ወደ ምድር ቤት ወረደ። አልጋ አንጣፊዎቹ፣ ሳህን አጣቢዎቹ፣ ያ ባለ ኮፍያው ዘበኛ ሳይቀር እየመጡ እጁን ጨበጡት። አንዲት ወጥ ሠሪ ሾርባ አቀረበችለትና ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ሾርባው ጨው የለውም» አለኝ አባቴ። ቀጥሎ ድምፁ ተሰበረ። «አለቀስኩ እኮ፣ ልጄ። ጮክ ብዬ አለቀስኩ።»

አባቴ በእናቴ ቀብር ላይ አላለቀሰም ነበር። እኛ ስንወድቅ እኛን ሲያነሣ፣ «በቃ፣ ጌታ ወሰዳት» እያለ እንግዳ ሲሸኝ ነው የከረመው። እኛም ጠንካራ ነው ብለን አመሰገንነው። አንድም ሰው ቁጭ ብሎ እንዲያለቅስ አልፈቀደለትም፤ እኔም ጭምር።

ስልኩን ዘግቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ሐዘን የደረሰብኝ የመሰላት አንዲት ባልደረባዬ ሮጣ መጣች። አባቴ ስላለቀሰ ደስ ብሎኝ ነው ስላት እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ትኩሳት እንዳለኝ ለካች።

አባቴ ከተመለሰ ወዲህ ያወራል። ወርቃ ውስጥ ስለ ቪየና ያልሰማ ሰው የቀረ አይመስለኝም፤ አንዳንዱ ከሩቅ ሲያየው መንገድ መቀየር ጀምሯል። የእናቴንም ስም ይጠራል።

እውነቱን ለመናገር እስካሁን ትንሽ ቅናት አለብኝ። ስንት ዘመድ፣ ስንት ልጅ፣ ስንት ሽማግሌ እያለን የሰው አገር ሳህን አጣቢዎች ቀደሙን። ቢሆንም ሉካስን አልረሳውም። አባቴን አስለቅሶልኛልና እግዚአብሔር ይስጠው።