ጠበል ሄደዋል

እኔ አፌ አያርፍም። ደብረ ታቦር ባጃጅ ተራው አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ፤ ደንበኞቼ ግን ከስፌቴ ይልቅ የሚያውቁኝ በምላሴ ነው። ይኼ ምላስ አንድ ቀን ብቻ ከዳኝ። ያን ቀን የእህቴን ልጅ አጣሁ።

እህቴና ባሏ የአራት ዓመት ልጃቸውን እኔ ዘንድ ትተው ሰርግ ሄዱ። ለሁለት ቀን ብለው ነበር። ሲመለሱ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ተገለበጠ፤ ሁለቱም አልተረፉም። መርዶው ሲመጣ ልጅቷ ጓዳ ተኝታ ነበር። በጩኸቱ ነቅታ ወጣችና፣ "እማዬስ?" አለችኝ።

"አሟቸው ጣራ ገዳም ጠበል ሄደዋል፤ ሲሻላቸው ይመጣሉ" አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ሰዎቹ ለምን እንደሚያለቅሱ ስትጠይቀኝ ደግሞ፣ "ናፍቀዋቸው ነው" አልኳት። ከዚያ ለቀስተኛውን ሁሉ በር ላይ እየያዝኩ ያንኑ እንዲላት አዘዝኩ። ማን ደፍሮ እምቢ ይለኛል!

አርባቸው ደረሰ። እኔ ግቢ ድንኳን ተተከለ። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው፣ ዘመድ አዝማዱም ምሳውን ሲበላ፣ ሽማግሌዎች የልጅቷን ነገር ሊቆርጡ ቤት ውስጥ ተቀመጡ። የእህቴ ባል አባት ከይፋግ መጥተዋል፤ ገበሬ ናቸው፣ ዝምተኛ። "የልጄ ልጅ ናት፤ እኔና ባለቤቴ እናሳድጋት" አሉና በዚያው ዝም አሉ።

እኔ ግን ዘረገፍኩት። ትምህርት ቤቱ እዚህ፣ ሐኪሙ እዚህ፣ እኔ ያልወለድኩ፣ እሷም እኔን የለመደች። ይኼ አልበቃኝ ብሎ፣ "አንቱ ራስዎ ጧሪ የሚሹ ሰው፣ ሕፃን ወስደው ምን ሊያደርጉ ነው?" አልኳቸው።

"ኧረ በስመ አብ!" አሉ የነፍስ አባታችን። የልጅቷ አያት መሬት መሬት አዩ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ፊቴን ያቃጥለኛል። ያም ሆኖ ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ማጋደላቸው ይታወቅ ነበር።

በዚህ መሀል ልጅቷ ገባች። እኔ የሰፋሁላትን አዲስ ቀሚስ ለብሳለች።

"አክስቴ፣ ወጡ እኮ እያለቀ ነው። እማዬና አባዬ መቼ ነው የሚመጡት?"

ለካ ድግሱ እነሱን መቀበያ መስሏታል። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ባጃጅ በቆመ ቁጥር ወደ በሩ ስትሮጥ የነበረው ለዚያ ኖሯል።

የነፍስ አባታችን ወደ እኔ ዞረው፣ "በይ ንገሪያት፣ ልጄ" አሉኝ። አፌን ከፈትኩ። ቃል አልወጣ አለኝ። በመጨረሻ፣ "ነገ" አልኳት፣ "ነገ ይመጣሉ።"

ይኼኔ አያቷ ተነሱ። ጋቢያቸውን ሰብስበው እፊቷ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"የኔ እመቤት፣ እናትና አባትሽ ሞተዋል። መኪና ተገልብጦባቸው ሞቱ። ከእንግዲህ አይመጡም።"

"ጠበል ሄደዋል ብላኛለች እኮ!"

"አክስትሽ አሳዝነሻት ነው። ግን ሞተዋል፣ ልጄ።"

ዞራ አየችኝ። ዓይኔን ከዓይኗ አሸሸሁ። ያኔ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመችና ጮኸች። ልይዛት እጄን ስዘረጋ ፊቷን ጋቢያቸው ውስጥ ቀበረች።

ሽማግሌዎቹ ከመፍረዳቸው በፊት ቀደምኳቸው። "ከእሳቸው ጋር ትሂድ" አልኩ። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ፣ "ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው፤ እሳቸውም አንስተው ግንባሬን ሳሙኝ።

አሁን በየበዓሉ ይፋግ እሄዳለሁ። ልጅቷ አድጋለች፤ ቀሚስ ስለካት አልቆም እያለች ትስቃለች። ትወደኛለች፣ እሱን አውቃለሁ። ባለፈው ስሰናበታት አቅፌ ሳምኳትና፣ "ለፋሲካ እመጣለሁ" አልኳት።

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ወደ አያቷ ዞረች።

"አባባ፣ እውነቷን ነው?"