ማሽኑ አለ፣ ባለሙያ የለም

ዛሬ ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር ወደምሠራበት ፎቶኮፒ ቤት አንድ አዛውንት ክንዳቸውን በነጠላ ከአንገታቸው አንጠልጥለው ገቡ። ቀና ስል የአባቴ ጎረቤት አያ ፈንቴ ናቸው።

«ምነው አያ ፈንቴ፣ ምን ሆኑ?»

«ከበቅሎ ወድቄ ነው ልጄ። ወረዳችን ሆስፒታል የራጅ ማሽኑ አለ፤ የሚያነሣ ባለሙያ የለም ብለው ወደ ጎንደር ጻፉልኝ። ይኸው በሦስተኛው ቀን ደረስሁ።»

የሪፈር ወረቀታቸውን ተቀብዬ ኮፒ ማድረግ ጀመርሁ።

«አንቺስ የተማርሽው ምን ነበር?»

«ራጅ ማንሣት።»

በራዲዮሎጂ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ስንማር «በዚህ ሙያ ሥራ የሚያጣ የለም» ይሉን ነበር። እውነታቸውን ነው፣ ሥራማ አላጣሁም፤ ኮፒ አደርጋለሁ።

አያ ፈንቴ ትክ ብለው አዩኝ። «ታዲያ ምነው እኛ ዘንድ አልመጣሽ?»

መጥቼ ነበር። እዚያው ሆስፒታል ሁለት ጊዜ አመልክቼ «የቅጥር በጀት የለም» ብለው መልሰውኛል። ይህን ስነግራቸው ያበጠ ክንዳቸውን አዩና «እግዚኦ» አሉ።

ቤቱን ዘግቼ እዚህ ከተማ ሆስፒታል እስካለው ራጅ ክፍል ሸኘኋቸው። እሳቸው ሲገቡ እኔን ዘበኛው አስቆመኝ።

«ከባለሙያ በቀር አይገባም፣ እህቴ።»

ውጭ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

እናንተስ፣ የተማራችሁበት ሙያ በር ላይ የቆማችሁ አላችሁ? እስቲ ጻፉልኝ።