በምራቷ ውስጥ ያለች አማት

አሮጊቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጡ ኖረዋል። እሳቸው ጡረታ ወጡ እንጂ ድምፃቸው አልወጣም፤ ሳሎን ተቀምጠው "በሩን!" ሲሉ ጎረቤት ተነሥቶ በሩን ይዘጋል። ሰፈሩ "እማማ ትኬት" ይላቸዋል።

አንድያ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ የሚኖሩት ከምራታቸው ጋር ነው። ምራቲቱ ሶፋ አዳሽ ናት፤ አሮጌውን ገፍፋ፣ ስፖንጁን ቀይራ፣ አዲስ ጨርቅ ወጥራበት ለባለቤቱ ትመልሳለች። አማትና ምራት ቀን ቀን በጨው ይጣላሉ፣ በመስኮት ይጣላሉ፤ ሲመሽ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ደርበው ቴሌቪዥን ያያሉ።

ነገር የመጣው አናጢው ምራቲቱን ላግባሽ ያላት ጊዜ ነው። የሶፋውን እንጨት የሚሠራላት እሱ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከጆሮው ላይ እርሳስ የማይጠፋ፣ ዝምተኛ ሰው። "እስቲ ላስብበት" አለችው። እያሰበችም ፀጉሯን ተሠራች።

እማማ ትኬት ነገሩ ገባቸው። ልጃቸው የለም፤ የልጃቸው ሚስት የሌላ ሰው ሚስት ልትሆን ነው። ታዲያ እሳቸው በዚህ ቤት ምን ናቸው? ማንም ሂዱ አላላቸውም። ውረዱ እስኪባሉ የሚጠብቁ ሰው ግን አይደሉምና ሻንጣቸውን ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡ። የሚሄዱት የእህታቸው ልጅ ዘንድ ነው፤ ስለ ጨጓራዋ ብቻ የምታወራ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ችለዋት የማያውቋት ሴት።

ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የምትማረው የልጅ ልጃቸው ለእረፍት መጥታ ነበርና ሻንጣውን አየችው።

"እማማ፣ ወዴት ነው?"

"ወደ ሥጋ ዘመዴ። ከእናትሽ ጋር እንደሁ ሥጋ አይደለንም።"

ልጅቷ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች። "ናችሁ እንጂ! እኔ ሆዷ ውስጥ ሳለሁ ከሴሎቼ ጥቂቶቹ ወደ ደሟ አልፈዋል። ልጁ ቢወለድም አንዳንዶቹ እዚያው ለብዙ ዓመት ይቀራሉ። የእኔ ግማሹ ከአባዬ ነው፣ አባዬ ደግሞ ካንቺ። ስለዚህ ካንቺ የመጣ ነገር እማዬ ውስጥ ይኖራል።"

"የት ጋ?"

"አይታወቅም። ጉበቷ፣ ምናልባትም ልቧ።"

"ትኬት ሳይቆርጥ?"

"ሳይቆርጥ።"

አሮጊቷ በመስኮት ወደ ግቢው አዩ። ምራታቸው ትንንሽ ምስማር በከንፈሯ ይዛ ጨርቅ ትወጥራለች። የቀበሩት ልጃቸው እዚያ ከፍ ዝቅ በሚለው ትከሻ ሥር፣ እንደ ብናኝ ደቅቆ፣ ፀሐይ ላይ ሲሠራ ታያቸው። ልጅቷን ከሻንጣው ላይ አስነሥተው፣ ሻንጣውን መልሰው ከአልጋው ሥር ገፉት።

ከዚያ ወዲያ ምራቲቱ ፋታ አጣች።

"ሹራብ ደርቢ፤ እኔን ብርድ ታስመቺኛለሽ።"

ከደንበኛ ጋር በዋጋ ተከራክራ ስትረታ፣ "ይሄ ከኔ የመጣ ነው!" ይላሉ። ሾርባው ላይ ጨው ስታበዛ፣ "ይሄ እንኳ የእናትሽ ወገን ነው።"

"እማማ፣ ደኅና ነዎት?"

"ደኅና ነኝ። ሁለቱም ቦታ።"

ምራቲቱ የዕድሜ ነገር ነው ብላ አለፈችው።

እሑድ ዕለት አናጢው መልሱን ሊሰማ መጣ። የሟች እናት ፊት መቅረቡ ነውና አንገቱን ደፍቷል።

"እማማ፣ እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም። የልጅዎ ሚስት እንደነበረች..."

"እሱን ተወው፤ ዛሬ የተቀመጥኩት በሙሽራዋ ወገን ነው። ትጠጣለህ?"

"አልፎ አልፎ።"

"በየት በየት ነው የሚያልፈው?"

አናጢው ግራ ገባው። "እርስዎ የሟች እናት አይደሉም እንዴ?"

"ነኝ። በጥቂቱ የእሷም ነኝ። ልጅቷ ታስረዳህ።"

ልጅቷ አስረዳች። አናጢው እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፤ አየውና መልሶ ሰካው።

"እንግዲህ እሷን ስትወስድ" አሉ አሮጊቷ፣ "እኔም አለሁበት። ለቀረውስ አካሌ ምን አስበሃል?"

"የኔ ቤት አንድ ክፍል ናት" አለ አናጢው ቀስ ብሎ።

ያኔ ምራቲቱ አፏን ከፈተች። "መልሱን ያዘገየሁትም ለዚህ ነው። እማማን ትቼ የትም አልሄድም።"

አሮጊቷ ዞር አሉ። "በሴሉ ምክንያት ነው?"

"የምን ሴል? ሴሉን ገና አሁን መስማቴ ነው!"

አናጢው ከኪሱ ሜትር አውጥቶ የሳሎኑን ግድግዳ ይለካ ጀመር።

"ምን ልትሆን ነው?" አሉት።

"ክፍል ልጨምር።"

"ለማን?"

"ለኔ።"

አሮጊቷ ተነሡና የሜትሩን ጫፍ ያዙለት።