የፀሐይዋ ነፋስ ቀጠሮ

ቅድስት ገብረ መድኅን ንፋስ መውጫ ላይ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ክረምት ክረምት ደግሞ ባሕር ዳር ወርዳ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። የቀራት አንድ ክረምት ብቻ ነበር። በ2012 መጋቢት ላይ በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ስማዳ፣ አባቷ ቤት ገባች። ወዲያው መኪናም ቆመ። ኔትወርኩም እንደ ወትሮው ከኮረብታው ወዲያ ቀረ። ይባስ ብሎ የመመረቂያ ጥናቷ ስለ ፀሐይ ኮሮና፣ ፀሐይን ስለሚከባት የጋለ አየር ነው፤ ይህን የሰማች ጎረቤት «እንዳትጠጊኝ እህቴ!» ብላ በአጥሩ ዞራ ሸሸቻት።

አባቷ መሪጌታ ገብረ መድኅን ባሕረ ሐሳብ በጣታቸው ቆጥረው የሚያወጡ ሊቅ ናቸው። ቁጥር ይወዳሉ፤ ልጃቸውንም ይወዳሉ። ሴት ልጅ ግን ወግ ማዕረግ ካላየች ዲግሪ ብትደራርብ ምን ይረባታል ባይ ናቸው። ልጅቱ ቤት መዋሏን ሲሰማ የአርብ ገበያው ባለ ወፍጮ ይሁኔ ሽማግሌ ላከ። ይሁኔ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ እንዴት በቀለላት! እናቱ ግን ከወዲሁ ተናግረዋል፦ «ያገባች ሴት ክረምቱን ባሕር ዳር ምን ትሠራለች?» ቅድስት ይህን ስትሰማ ቤቱ ጠበባት። በየት ይወጣል? መንገዱ ዝግ፣ ስልኩ ዝግ፣ የአባት ፊት ደግሞ አይገፋ።

መሪጌታ የቀትር ዜናቸውን በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ሳይሰሙ ምሳ አይቀርቡም። አንድ ማክሰኞ ሬዲዮው ተንጫጫ። ጀርባውን በመዳፋቸው መቱት፤ አልሰማ አላቸው።

«የባትሪ ድንጋዩ አዲስ ነው እኮ!»

«ድንጋዩ ምን አደረገ አባባ? ፀሐይ ናት።»

«ፀሐይ ዘንድሮ ጸጥ ብላለች ስትዪኝ አልነበር?»

«ጸጥ ብላለች፤ ነጥብ የለባትም። ግን ፊቷ ላይ ጠቆር ያለ ክፍት ቦታ አለ። ሌላ ሌላው ጋ መግነጢሷ ነፋሷን አጥምዶ ይይዘዋል፤ በዚያ በኩል ግን ያመልጥና እኛ ጋ ሲደርስ የሬዲዮውን ሞገድ ይረብሻል። ስትዞር ክፍቱ ወደኛ ይመለሳል፣ በሃያ ሰባት ቀን። ባለፈው ወርም እንዲሁ ተንጫጭቶብዎት ነበር።»

መሪጌታ ጢማቸውን አሻሹ፤ ዞሮ የሚመጣ ቁጥር ደስ ይላቸዋል። ቅድስት ደስታቸውን አየችና ቸኮለች።

«ቀኑን ጠብቆ ከመጣ ሽማግሌዎቹን ይመልሱልኝ፣ ክረምቴን ልጨርስ። ካልመጣ ይሁኔን አገባለሁ።»

አሁን የተማረ ሰው እንዲህ ይወራረዳል? ፀሐይ ደወል ጠብቃ የምትገባ ተማሪ አይደለችም፤ አንድ ቀን ልትቀድም፣ አንድ ቀን ልትዘገይ እንደምትችል ቅድስት አሳምራ ታውቃለች። ጭንቅ ግን ያወቁትን ያስረሳል።

«ይሁን» አሉ መሪጌታ። «ቁጥር ይፍረድ። ሽማግሌዎቹንም በዚያው ቀን እቀጥራቸዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ እየተነሳች ቀን መቁጠር ሆነ ሥራዋ። ሰኞ ይመጣል ብላ ስትጠብቅ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች በአቶ ኃይለ ሚካኤል መሪነት በሩን አንኳኩ።

«አባባ፣ ቀኑ ነገ ነው እኮ!» አለች ደንግጣ።

«ምን ነገ? ማክሰኞን አንድ ብዬ ዛሬ ሃያ ሰባት ሞላ። የሟች አርባ ሲቆጠር ከሞተበት ቀን አይደል የሚነሳው?»

እሷ ደግሞ ከማክሰኞ ማግስት ነበር አንድ ያለችው። «ከየት ትጀምሪያለሽ?»፣ «ከየት ይጀምራሉ?» የተባባለ የለም። ልታስረዳ አፏን ከፈተች፤ ሽማግሌዎቹ ግን ተያዩ፣ አባቷም ቀን ለማራዘም የምታመካኝ መስሏቸው በእንግዳ ፊት አፈሩባት።

«በቃ!» አሉና ሬዲዮውን ከፈቱ።

ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፤ አንባቢው እዚያው መደቡ ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ቅድስት ምነው በተንጫጫ እያለች ዜናውን እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማች። እንዲህ ያለ የጠራ ድምፅ ጠልታ አታውቅም።

አቶ ኃይለ ሚካኤል ሳቅ ብለው «እንግዲህ መሪጌታ፣ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አሉ።

«ሰጥቻለሁ» አሉ መሪጌታ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ።

ሰኞ ቀትር ላይ መሪጌታ እንደ ልማዳቸው ሬዲዮውን ከፈቱ። ብረት ምጣድ ላይ እንደተጣደ ገብስ ይንጣጣ ጀመር። ቁልፉን አዞሩት፤ ያው ነው። ጀርባውን ሊመቱት እጃቸውን አነሱና መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ቅድስት በሩ ጋ ቆማለች።

«ልክ ነበርሽ» አሉ ቀና ሳይሉ።

«እንግዲያውስ ይንገሯቸዋ አባባ! አሁኑኑ ሰው ይላኩባቸው!»

በዚህ አገር የመሪጌታ ቃል ከወጣ ወጣ ነው፤ ነገ ማንን ገሥጸው፣ ማንን አስታርቀው ይኖራሉ?

«ልጄ፣ የተናገሩት ከሚጠፋ...» ብለው ጀመሩና ቀና ሲሉ ዓይኗን አዩ። የቀረውን ሊሉት አልቻሉም፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ።

ሬዲዮው መንጣጣቱን አልተወም። ቅድስት ድንጋዩ እንዳያልቅ ሄዳ ዘጋችው።